ከበሮው ውስጥ የቀረው ድምፅ

ቅዳሜ

ባሌ ኢብሬ «አፉ ብያለሁ» አላለም። ሙሄ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ እኔ የቴምር ሳህን ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ፣ ባሌ ግድግዳ ያያል። ወላሂ እንዲህ ያለ ዝምታ በዚህ ቤት አላውቅም። ዝምታ ራሱ እኔ ባለሁበት ቤት ምን ይሠራል።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሙሄ ከዙህር ሶላት በኋላ ከባቲ መጣ። ሐጅ ሊሄድ ነው። የሐጅ መንገደኛ እንደሚያደርገው የሚያውቀውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ «የበደልኳችሁ ካለ አፉ በሉኝ» ይላል። ሰዉም ወዲያው «አፉ ብለናል፣ አንተም አፉ በለን፣ እዚያ ስትደርስ ዱዓ አድርግልን» ይለዋል። ልማዱ ይኸው ነው። ምን በደልከኝ ብሎ የሚዘረዝር የለም።

ከበር ላይ «አከም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲል ገና ሳላየው አወቅኩት። ያንን ድምፅ በዚህ መንገድ ላይ የማያውቅ ማን አለ። ዛሬ ባቲ ላይ ጨርቅ የሚነግድ፣ ልጆች ቁርአን የሚያስቀራ ሽማግሌ ነው። ያኔ ግን ዘፋኝ ነበር። ኢብሬ ደግሞ ድምፅ ቀራጩ። ይሄ አሁን ሻርፕና ሽቶ የምሸጥበት ሱቅ ካሴት ቤት ነበር፤ ከጀርባው ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ስቱዲዮ። ስቱዲዮ እንበላት እንጂ።

ጢሙ ነጭ ሆኖ ሳየው ሳላስበው «አንቱ» አልኩት። «አንቺ ዘሀሬ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምትሾሚኝ?» ብሎ ሳቀ። ደስ አለኝ። ስኳር እንደያዘው፣ እግሩ እንደሚያብጥ፣ «መሄዴን እንጂ መመለሴን አላውቅም» ሲል ግን ደስታዬ ወረደ።

ሁለት ነገር ነው የፈለገው። አንደኛው አፉ መባባል። ሁለተኛው ያቺን ዋናዋን ካሴት፣ ሌሎቹ ሁሉ ከሷ የተባዙትን፣ ኢብሬ እንዲያጠፋለት። «ዘፈን ከተውኩ ስንት ዘመኔ። በሰው እጅ ያለውን መሰብሰብ አልችልም፣ እሱን አላህ ያውቃል። ያቺ ግን አድራሻዋን የማውቃት ናት። እዚህ ቤት እያለች እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?» አለ።

ኢብሬ ሁለት ጊዜ አስደገመው። ጆሮው ነው። ከዚያ «ገና ሳትሄድ ሀጂ ሆንክብን» አለው።

«ድምፁ የኔ ነው ኢብሬ።»

«ድምፁ ያንተ ነው» አለ ባሌ። ሌላ አልጨመረም። ሙሄ እጁን ዘረጋ፣ «እሺ እሱን እንነጋገርበታለን፣ አፉ በለኝ» አለ። የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ እስከዚያ እህቱ ቤት ነው። ቴምሩን ማንም አልነካው።

እሁድ

መብራት የለም። ሱቅ ውስጥ ሰው የለም። ሙቀቱ ክፉ ነው።

ኢብሬን ጠዋት «ለምን?» አልኩት። ያልሰማ መሰለ። አሁን ይቺን ተምሯል፣ መስማት ያልፈለገውን በጆሮው ያሳብባል። የግራው ጨርሶ ሄዷል። የቀኙ ወፍራም ወፍራሙን ብቻ ይሰማል። ደሴ ያየነው ሐኪም ከዕድሜም ከሥራም ነው አለ። የማይሰማቸው፦ ወፍ፣ የስልክ ጥሪ፣ የውሃ መፍላት፣ የሴት ድምፅ ከሩቅ። የሚሰማቸው፦ ተሳቢ መኪና፣ ወፍጮ ቤት፣ ከበሮ። ከኔ ድምፅ ግማሹን ነው የሚያገኘው። «አልሃምዱሊላህ፣ ግማሹም ይበዛል» ይላል ለሰው። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ጓዳ ገብቼ ግን ሌላ ነው።

ያንን ጆሮ የማውቀው እኔ ነኝ። ያቺን ካሴቷ ላይ ያለችውን፣ ስለ ሰንበቴ ገበያዋ ልጅ የምትለውን ዘፈን ሲቀርፁ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ የግድግዳውን ዙሪያ በፍራሽ ሸፍኖት ነበር፤ አንዱ ፍራሽ የሰርጌ ነው። ሙሄ «ሰ» ሲል ማይኩ ላይ ያፏጭ ነበር። ኢብሬ የዱቄት ወንፊቴን አነሳ፣ ሻሼን ከራሴ ላይ ፈትቶ ወንፊቱ ላይ ወጠረና ማይኩ ፊት ሰቀለው። ፉጨቱ ቆመ። እናቴ «ወንፊቷን የት አደረሰችው» እያለች ስታማኝ ከረመች። አዛን ሲል ይቆማል፣ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይቆማል፣ እንደገና ይጀመራል። ሙሄ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጮህ ነበር። ኢብሬ መቅረጫውን አቁሞ ገባና «ለገበያው አትንገር፣ ለልጅቷ ንገራት» አለው። ከዚያ በኋላ ነው ያ ሰው ሁሉ የሚወደው ድምፅ የመጣው። ከበሮውን ወደ ኋላ የገፋው፣ ኦርጋኑን ዝቅ ያደረገው፣ ተቀባዮቹን ሴቶች ከሩቅ እንደሚመጡ ያስመሰላቸው እሱ ነው። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ፣ ዓይኑ ጭፍን።

ካሴቱ ሽፋን ላይ የሙሄ ፎቶ ወጣ። የግጥም ሰጪው ስም፣ የኦርጋን ተጫዋቹ ስም። የኢብሬ የለም። እኔ ተናድጄ ነበር፣ እሱ «ቀራጭ ምን ስም አለው» ብሎ ተወው። የተወው መስሎኝ ነበር።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የአላህን ሀቅ አላህ ይምራል፣ የሰው ሀቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይወርድም። ሙሄ በዚያ እግሩ ይሄን ተሸክሞ ሊሄድ ነው። ኢብሬስ? ሙሄ እዚያው ቢቀርስ? ቀሪ ዕድሜውን ግድግዳ ከሚያይ ሰው ጋር ልኖር ነው። ያ ረብ።

ሰኞ

ጠዋት ኢብሬ ራሱ ሙሄን አስጠራው። ደስ ብሎኝ ሱቁን ዘግቼ ወጥ ሠራሁ። አሁን ሳስበው መጠርጠር ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺን ካሴት የቀረፀቻት ማሽን ባለ አራት መስመር ናት። ከበሮው አንድ መስመር ላይ፣ ኦርጋንና ክራሩ አንድ፣ ሴቶቹ አንድ፣ የሙሄ ድምፅ ለብቻው አንድ ላይ ነው ያለው። ኢብሬ «ያንተን መስመር ብቻ ላጥፋው። ሌላው ይቅር፤ እሱ የተጫዋቾቹና የኔ ነው» አለ። ሙሄ አሰበና «ጀዛከላህ» ብሎ አመሰገነው። ተቃቀፉ ማለት ይቻላል፣ ትከሻ ለትከሻ ነካኩ። አፉ ግን አልተባለም፤ ሙሄ ሥራው ሲያልቅ ይለኛል ብሎ ጠበቀ መሰለኝ።

ከአስር ሶላት በኋላ መብራት መጣ። ማሽኗን ከአልጋ ሥር አወጣናት። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ቤታችንን ጥለን ስንሸሽ ኢብሬ ልብሱን ትቶ ይቺን ነው ያቀፈው። በጥጥና በአልኮል ጠረጋት። ማጥፋት ማለት ቁልፍ ተጭኖ መሄድ አይደለም ለካ፤ በድምፁ ላይ ባዶ መቅረፅ ነው። ዘፈኑ የሚፈጀውን ጊዜ ይፈጃል። ተቀምጠን ጠበቅን። ድምፅ የለም፣ ካሴቷ ትዞራለች፣ ሙሄ የሙስበሐውን ፍሬ ይቆጥራል፣ ኢብሬ የድምፅ መለኪያውን መርፌ ያያል። ጀናዛ ቤት ነው የመሰለኝ።

ሲያልቅ ማን ያዳምጥ? ሙሄ ዘፈን አይሰማም፣ ለአላህ ቃል ገብቷል። ኢብሬ ቢፈልግም አይሰማም። ሄድፎኑን ለኔ ሰጡኝ። ሁለት ሽማግሌ ፊቴን ያያል።

ከበሮው ጀመረ። ኦርጋኑ ገባ። የሙሄ መግቢያ ደረሰ፣ ባዶ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት። ግን ትንሽ ቆይቶ ሰማሁት። ከከበሮው ጀርባ፣ ጎረቤት ቤት ሆኖ እንደሚያንጎራጉር ሰው፣ ቃሉ ሳይቀር። የሴቶቹ መስመር ላይም ትንሽ አለ። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ የከበሮው ማይክ እሱንም ይዞታል። ኢብሬን አየሁት። አየኝ። ያውቅ ነበር። ሲጀምርም ያውቅ ነበር። እሱ የማይሰማውን፣ ሙሄ የማይሰማውን፣ እኔ ሰምቼ ዝም እንድል ነው ያሰበው።

«ጠፋ?» አለ ሙሄ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ነው የጠየቀኝ። ምን ልበል። ይሄን ዘፈን እንደኔ የሚወደው የለም፤ ዝም ብል ይቀርልኛል። «ከመስመርህ ጠፍቷል። ከበሮው ውስጥ ግን አለህ» አልኩት።

ሙሄ ኢብሬን «አውቀህ ነው?» አለው።

«አውቄ ነው። ከበሮ መቺውን ውጪ አስቀምጠዋለሁ ስልህ፣ ካላየሁት ድምፄ አይወጣም ብለህ አጠገቡ የቆምከው አንተ ነህ። ለይቼ ላወጣህ አልችልም።»

«እንግዲያው ሁሉንም አጥፋው።»

«የሠራሁትን በእጄ? አላደርገውም።»

ሙሄ ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ወጡ እንዳለ ነው።

ማክሰኞ

ኢብሬ አያናግረኝም። ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «አንቺን ማን ተናገሪ አለሽ።»

«ጠየቀኛ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ያልተጠየቅሽውን ስታወሪ ኖረሽ፣ አንድ ቀን ዝም ማለት አቃተሽ?»

ይሄ አመመኝ። ደግሞ ትንሽ አሳቀኝ፣ እውነት ስለሆነ።

ዛሬ ያደረግኳቸው ነገሮች፦ ሱቁን ጠረግኩ፣ ሻርፖቹን በቀለም ደረደርኩ፣ መልሼ አፈረስኩ፣ ለሙሄ እህት ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራሁ። ሙሄ እንዴት ነው ማለት ፈርቼ። እሷ ራሷ ነገረችኝ፤ አይበላም አለች፣ እግሩ ብሷል አለች።

ከሰዓት አንድ ባጃጅ በሱቁ ፊት ያንኑ ዘፈን ከፍቶ አለፈ። ከቅጂ ቅጂ የተቀዳ፣ ሁሉ ነገሩ እንደ ቆርቆሮ የሚጮህ። ከበሮውም የለ፣ ትንፋሹም የለ። ንፁሁ ድምፅ በዚያች አንዲት ካሴት ላይ ነበር፣ ትናንት ፊታችን ተቀምጣ ባዶ ሆነች። ኢብሬ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባጃጁን አየው፣ ምን እንደሚጫወት አላወቀም። አልነገርኩትም።

ረቡዕ

ተናገረ። ምሳ ላይ፣ ቀና ሳይል።

አንድ ሰርግ ላይ ነው፣ ሐርቡ አካባቢ። ካሴቱ ከወጣ በኋላ። ሙሄ በአካል ዘፈነ፣ ኢብሬ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ጎኑ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ «ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅህ የት ሄደ? ይሄ እኮ ሌላ ሰው ነው» አለው። ሙሄ በማይኩ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ወደ ኢብሬ ጠቆመና «የዚህ ሰውዬ እቃ ነው፣ ድምፅ ያበላሻል» አለ። ዳሱ በሳቅ ሞላ።

«ካሴቱ ላይ ያለውን ያሳመረው ማን ሆነና?» አለኝ ኢብሬ። «ጀርባዬን ሲመታኝ እኔም ሳቅኩ። ሽፋኑን ረስቼዋለሁ። ስም ምን ይሠራል። ይሄን ግን...» አልጨረሰውም። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ላይ ስንተኛ አልነገረኝም። እኔ እንኳ ጎረቤት ያለችኝን ሁሉ ሳልውል ሳላድር ነው የምነግረው።

«አፉ በለኝ ሲለኝ፣ ለየትኛው ነው የሚለው? አያውቀውም። እንደ ሰላምታ ነው የሚላት። የማያውቀውን ምን ብዬ እምርለታለሁ?»

«ልንገረው» አልኩ።

«እንዳትነግሪው። ነግረሽው ቢለኝ የሱ አይደለም፣ ያንቺ ነው።»

ከአስር በኋላ ሙሄን ለማየት ሄድኩ። ኢብሬ የት እንደምሄድ ያውቃል፣ አልከለከለኝም። ሙሄ ፍራሽ ላይ እግሩን ዘርግቶ ነበር። «ስለ ካሴቱ ከሆነ ተይው» አለኝ። «ነገ እሄዳለሁ። ትቼለታለሁ።»

ወላሂ ምላሴ ጥርሴ ላይ ነበር። ሰርጉ፣ ዳሱ፣ ማይኩ፣ ሁሉም አፌ ውስጥ ነው። እህቱ ውሃ ስታቀርብልኝ ብርጭቆውን አልለቅም አልኩ፣ አፌ ሥራ እንዲይዝ። በመጨረሻ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፦ «ሙሄ፣ አንተ ድምፄን አጥፋ አልከው። እሱ ምን እንዳለው ታስታውሳለህ? የሠራሁትን በእጄ አላጠፋም ነው ያለው። አፉ በለኝ ከማለትህ በፊት እሷን አስብባት።»

«ምን በደልኩት?»

«እኔን አትጠይቀኝ።»

«አንቺ? አንቺ አትነግሪኝም?» ገረመው። እኔንም ገረመኝ። ተነስቼ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ነው ያለቀስኩት። ከዚህ በላይ ማድረግ አልችልም። ነገ በጠዋት ይሄዳል።

ሐሙስ

ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። ሱብሂ ሰግደን ብዙም አልቆየን። ሹፌሩ ክላክስ ይነፋል፣ ሰዎቹ ከውስጥ ያጉረመርማሉ፣ ሙሄ ነጭ ልብሱን ለብሶ ቀስ እያለ ወረደ። ኢብሬ ክላክሱን ሰምቷል፣ ወፍራም ነው። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ሙሄ ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋ። እኔ እንዳልሰማ አስቦ ሳይሆን ባሌ እንዲሰማው ነው፣ ስለዚህ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፣ ሚኒባሱም ሁሉ ሰማ።

«ኢብሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ሰው ድምፄን ሲያደንቅ አንተን ጠርቼህ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። አንዴ ብቻ ጠራሁህ፣ ያ ሰርግ ላይ፣ የምታበላሸው አንተ ነህ ብዬ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው እንጂ እቃህ ደህና ነበር። አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያልኩት። ለሱ አፉ በለኝ።»

ኢብሬ የሙሄን ክንድ ያዘ። እኔ በሩን ይዤ ነው የቆምኩት። ሹፌሩ ክላክስ መንፋቱን ተወ።

«ካሴቷን አምጪያት» አለኝ ኢብሬ። አምጥቼ ሰጠሁት። ለሙሄ ዘረጋለት። «ውሰዳት። ወንዝ ላይ ጣላት፣ የፈለግከውን አድርግ።»

ሙሄ አየት አደረጋት፣ አልነካትም። «ያንተን ሥራ ላጥፋ ብልም የሰው ሀቅ መንካት ነው። በፊተኛው በደል ላይ እንዴት ሌላ ልጨምር? የኔን መስመር አጥፍተህልኛል። ከበሮው ውስጥ ያለውን አንተ ታውቃለህ፣ የቀረፅከው አንተ ነህ።»

«አፉ ብያለሁ» አለ ባሌ። «ከልቤ አፉ ብያለሁ። አንተም አፉ በለኝ፣ ሰኞ ላታልልህ ነበር።»

«አፉ ብያለሁ። በሚስትህ ተረፍክ።»

ተቃቀፉ፣ በደንብ። ከሚኒባሱ አንድ ሴትዮ አለቀሰች፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። ሙሄን ደግፈው አስገቡት። እግሩን ማንሳት አቅቶት በእጁ ነው ያነሳው። ያ እግር ያን ሁሉ የካዕባ ጠዋፍ እንዴት እንደሚዞር አላህ ይወቅ። መኪናው ወደ ሸዋሮቢት መንገድ እስኪሰወር ኢብሬ እጁን አላወረደም።

አሁን ከሰዓት ነው። እስካሁን አልደወለም። ወይ መንገድ ላይ ናቸው፣ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ እኔ ነኝ የማልረጋ።

ከዙህር መልስ ኢብሬ ማሽኗን ሰካ፣ ካሴቷን ከተተ። የሚያጠፋት መስሎኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሄድፎኑን ሰጠኝና እሱ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። ከበሮው በእጁ ይገባለታል፣ ያ ቀርቶለታል።

«የት ጋ ነው ያለው?» አለኝ።

«ከከበሮው ጀርባ።»

«ራቅ ብሎ ወይስ ተጠግቶ?»

«ራቅ ብሎ። ግን ፊቱ ወደ እኛ ነው።»

«ያ ከፍ የሚለው ቦታ ደረሰ?»

«አሁን ደረሰ። አይጮህም። ለአንድ ሰው እንደሚናገር ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ፣ ድሮ እንደሚጨፍነው። ሊያጠፋት ይሁን ሊያስቀምጣት አልጠየቅኩትም፤ ዛሬ አይጠየቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቱን አዙሮ ወደ ኋላ መልሺው አለኝ። መለስኩት፣ እንደገና ነገርኩት። ትንፋሹን፣ ሴቶቹን፣ አንድ ቦታ ላይ ከሩቅ የሚያልፈውን መኪና። መብራቱ እስኪሄድ ድረስ ነገርኩት።